ይማም ያነበበልኝ ወረቀት

ከዚህ በታች የምተርከው ነገር የተፈጸመው ከአንድ ቀን ንጋት፣ ከሱብሒ ሶላት፣ እስከ ማግስቱ ረፋድ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በዚያ ጊዜ የግራ ዓይኔን ብርሃን አጣሁ፤ የቀኙም ይትረፍ አይትረፍ ገና አልታወቀም ነበር። ከዓይኔ ጋር ሌላ ነገርም አጥቻለሁ፤ ወደ እርሱ በቅደም ተከተል እደርሳለሁ። አንባቢ አስቀድሞ እንዲያውቅልኝ የምሻው አንድ ጉዳይ አለ፤ የማስታወስ ችሎታዬ እንደ ቀድሞው አይደለም። ንግግሮችን በጥቅስ ውስጥ ያኖርኋቸው ቃል በቃል እንዲህ ተብለዋል ብዬ ስለምምል አይደለም። መንፈሳቸው ይህ ነበር ብዬ ስለማምን ነው። በተጠራጠርሁበት ቦታ መጠራጠሬን እጽፋለሁ።

በሙያዬ ዳኛ ነበርሁ። ሕግን በአገር ውስጥም በውጭም ተምሬ፣ የሥራ ዘመኔን በተለያዩ ወረዳዎችና ዞኖች ፍርድ ቤቶች አሳልፌ፣ ወደ ተወለድሁበት ቆቦ ተመልሼ ጡረታ ወጣሁ። የስኳር ሕመም ከያዘኝ ረዥም ጊዜ ሆኖታል። ባለቤቴ ዘሀራ ትባላለች፤ ከልጆቻችን የመጨረሻዋ ሐያት ናት። ከቤተሰቤ ውጪ በዚህ ዓለም የማምነው ሰው ቢኖር ይማም ነበር። ከተማው «ይማም ድሬሰር» ይለዋል። ጤና ረዳቶች ድሬሰር በሚባሉበት ዘመን ሥራ ጀምሮ ስሙ በዚያው ጸንቶበት ቀርቷል። ከቆቦ እስከ ዋጃ ባለው ሜዳ ላይ እድሜው ከአርባ ያለፈ ሰው ቢያንስ አንድ ጊዜ በይማም መርፌ ሳይወጋ አልቀረም። እኔና እርሱ አብረን አድገናል። የሕክምና ካርዶቼንም የሚያስቀምጥልኝ እርሱ ነበር፤ «ሙሄ፣ አንተ የሰውን መዝገብ እንጂ የራስህን መያዝ አታውቅበትም» ይለኝ ነበር።

ከዚያ ቀን አራት ወር ገደማ ቀደም ብሎ እይታዬ ጉም ለበሰ። ይማም ደሴ ወዳለ አንድ የዓይን ሕክምና ወሰደኝ። ጠብታ አደረጉልኝ፤ የዓይኔ ብሌን ሰፋ፤ ከዚያ በኋላ በቅርብ ያለ ጽሑፍ ማንበብ አልቻልሁም። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። በመብራቷ ረዥም ሰዓት መረመረችኝና፦

«አባባ፣ አብሮዎት የመጣ ሰው አለ?» አለችኝ።

«አለ፤ ወንድሜ ነው» አልኋት። ለእኔ ይማም ወንድም ነበር።

«እስቲ እርሳቸውን ላነጋግራቸው። እርስዎ ውጭ ትንሽ አረፍ ይበሉ።»

ወጣሁ። አልጠየቅሁም። የሰውን የእምነት ክህደት ቃል ሳልሰማ አንድም ቀን ፈርጄ የማላውቅ ሰው፣ ስለ ገዛ ዓይኔ ሲነገር በር ዘግቼ ወጣሁ። ይህ ለውጭ ሰው እንግዳ ነገር ይመስል ይሆናል። በእኛ ዘንድ ግን ክፉ ወሬ ለባለቤቱ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው። ሞት እንኳ የሚረዳው ሰዓቱ ተመርጦ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ነው። አባቴ በጉበት ሕመም በተያዘ ጊዜ ሐኪሙ የነገረኝን ደብቄ፣ «የጨጓራ ነገር ነው» እያልሁ እስኪሞት ያስታመምሁት እኔ ነኝ። እንዳደረግሁ ተደረገብኝ ቢባል አልከራከርም።

ይማም ቆይቶ ወጣ። ከበሩ ወዲያ በስልክ ሲነጋገር ድምፁን የሰማሁ ይመስለኛል። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሐኪሟ የጻፈችውን ወረቀት ዘርግቶ አነበበልኝ።

«የዓይን ሞራ ጅማሮ ነው። ገና አልበሰለም፤ ሲበስል ይነሣል። ከጥቂት ወራት በኋላ ተመለሱ ይላል።»

ከ«ሞራ» በፊት ጥቂት ዝም ብሎ ነበር። ቃሉን ከመስጠቱ በፊት ዝም የሚል ምስክር ብዙ አይቻለሁ። ነገር ግን እውነቱን ልናገር፤ ያ ዝምታ ያን ጊዜ በእርግጥ ኖሮ ይሁን፣ ወይስ በኋላ የሆነውን ካወቅሁ ወዲህ አእምሮዬ የጨመረው ይሁን፣ መለየት አልችልም። ወረቀቱን አጣጥፎ ከካርዶቼ ጋር አኖረው። በሦስተኛው ሳምንት የሐያት ኒካሕ ሆነ፤ ደገስን፤ ይማም በሠርጉ ላይ ከእኔ በላይ ሲሯሯጥ ዋለ። ቀጥሎ ረመዳን ገባ፤ ቀጥሎ ዒድ መጣ።

አሁን ወደዚያ ቀን ልመለስ።

ለሱብሒ ውዱእ እያደረግሁ ፊቴን ስታጠብ በግራ ዓይኔ በኩል ጥቁር ክር ከላይ ወደ ታች ወረደ። ዝንብ መስሎኝ በእጄ አባረርሁት። አልሄደም። ዓይኔን ባዞርሁ ቁጥር አብሮኝ ይዞራል። ሶላቴን ጨርሼ ስነሣ ክሩ ተበትኖ ጭስ ሆኗል። ለይማም ደወልሁለት። የሸሚዙን ቁልፎች አዛንፎ ቆልፎ መጣ።

«ያየኸውን ንገረኝ» አለኝ ገና ከበሩ።

«ጥቁር ክር ነበር። አሁን ጭስ ሆነ። ሞራ እንዲህ ያደርጋል እንዴ?»

ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። «ያረቢ!» ብቻ ነው ያለው። ወዲያው ተነሣና «ተነሥ፣ መኪና ሳያመልጠን» አለኝ። ዘሀራ ከጓዳ ወጥታ በር ላይ ቆማ ታየን ነበር፤ እርሷ «ምን ሆነህ ነው?» አላለችኝም። ይህን ያስተዋልሁት ግን በኋላ ነው።

መንገዱ በዚያ ሰሞን ክፍት ነበር። ጎብዬ ላይ አንዲት የሽንኩርት ነጋዴ ተሳፍራ ከፊታችን ተቀመጠችና ዞር ስትል ይማምን አወቀችው።

«ድሬሰር! አለህ እንዴ? ያ የልጅነት መርፌህ እኮ እስካሁን ይሰማኛል!»

«ብታለቅሺም አድኜሻለሁ» አላት።

«እርሱስ አድነኸኛል። ግን ‹አያምም› ብለኸኝ ነበር፤ ውሸታም!»

መኪናው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ይማም ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም። ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞራ፣ «አባባ፣ ዓይንዎን አይሹት። ድሬሰር አብሮዎት እያለ ምን ይሆናሉ ብለው ነው?» አለችኝ። መርሳ ስንደርስ በግራ ዓይኔ የማየው ጥቁር ቀይ መጋረጃ ብቻ ነበር። የይማምን ጉልበት ይዤ «አሁንስ ጨለመ» አልሁት። እጁን እጄ ላይ አሳረፈ።

ሐኪሟ አወቀችኝ። ይማምም አብሮኝ ገባ። ግራውን መረመረች፤ ቀኙን መረመረች፤ እንደገና ወደ ግራው ተመለሰች። ከዚያ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ፦

«አባባ፣ መርፌውን የት ጀመሩ?» አለችኝ።

«የቱን መርፌ?»

«የዓይኑን መርፌ። በወረቀቱ ላይ ከሁለት ሳምንት ሳያልፍ ይጀመር ብዬ ጽፌ ነበር። እዚህ ስላልተመለሱ ሌላ ቦታ የሚከታተሉ መስሎኝ ነበር።»

«ወረቀቱ ሞራ ነው ይላል እንጂ ስለ መርፌ የሚለው የለም።»

«ሞራ?» አለች። «እርስዎ እኮ ሞራ የለዎትም።»

ወደ ይማም ዞረች፤ እኔም ዞርሁ። በደኅና ዓይኔ ያየሁት ጫማውን የሚመለከት ሽማግሌ ነው።

«አስረድቼዎት አልነበረም?» አለችው።

«ነግረሽኝ ነበር፣ ልጄ።»

«እና?»

መልስ እስኪሰጣት አልጠበቅሁም፤ ራሴም በዚያች ሰዓት አልጠየቅሁትም። «ውጣ» አልሁት። «ከእንግዲህ የሚነገረውን እኔ እሰማለሁ።» ወጣ። ሐኪሟ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠግታ፣ «ያኔ ለእርስዎ ለራስዎ መንገር ነበረብኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ሳትጠየቅ ይቅርታ ያለችኝ እርሷ ናት።

ያስረዳችኝ እንዲህ ብላ ነው። «ስኳሩ የዓይንዎን ጥቃቅን ደም ሥሮች ዘግቷቸዋል። ከዓይን በስተ ኋላ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን፣ ሬቲና የምንለው፣ ደም ሲጠማው ‹ሥር ብቀል› የሚል ምልክት ይልካል። ያኔ አዳዲስ ሥሮች ይበቅላሉ። ግን መብቀል በሌለባቸው ቦታ ነው የሚበቅሉት፤ ስስ ናቸው፤ ይበጠሳሉ፤ ይደማሉ። ሲጠነክሩም ሽፋኑን ጎትተው ያነሡታል።»

ገባኝ። በእኛ ሜዳ ጎርፍ ከተራራው ሲወርድ ገበሬው ጠልፎ ማሽላውን ያጠጣል። የውኃ ተራ ያልደረሰው፣ እርሻው የደረቀበት ሰው ደግሞ ባልተፈቀደ ቦታ የራሱን ቦይ ይቀድዳል። ቦዩ አፈር ብቻ ነው፤ ብርቱ ጎርፍ ሲመጣ ተደርምሶ የራሱንም የጎረቤቱንም ማሳ ጠርጎ ይሄዳል። ስንቱን የውኃ ክርክር ቁጭ ብዬ ዳኝቻለሁ!

«መርፌው ምን ያደርጋል?»

«‹ብቀል› የሚለውን ምልክት ይዘጋል፤ አዲሶቹ ሥሮች ይከስማሉ። ከመርፌው ጋር የምንሰጠው የጨረር ሕክምና ደግሞ የሽፋኑን ዳር ዳር ተኩሶ ጥማቱን ይቀንሳል።»

«ግራው?»

«በደም ሞልቷል፤ ሽፋኑም ተጎትቶ ተነሥቷል። አዲስ አበባ ለቀዶ ሕክምና እጽፍልዎታለሁ። ግን እንዲያነቡበት ይመለሳል ብዬ ተስፋ ልሰጥዎት አልችልም።»

«በሁለት ሳምንቱ ብመጣ ኖሮስ?»

ጥያቄው ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። «እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ግን ብዙዎቹ ይድናሉ» አለች። «ቀኙም ላይ በቅለዋል፤ ገና አልደሙም። ዛሬውኑ እንጀምር።»

ስለ መርፌው መጻፍ ያለብኝ ይመስለኛል፤ የሚፈራው ብዙ ነውና። አንጋለሉኝ፤ የሚያደነዝዝ ጠብታ ደጋግመው አደረጉ፤ ዓይኔን በቡናማ መድኃኒት አጠቡት፤ ቆቡ እንዳይከደን በትንሽ ሽቦ ያዙት። «ወደ ላይ ይመልከቱ፤ እንዳይንቀሳቀሱ» አለች። የተሰማኝ መወጋት ሳይሆን አንድ ሰው በአውራ ጣቱ ዓይኔን የተጫነኝ ያህል ነው። ከዚያ ውኃ ውስጥ የተጣለ ቀለም የሚመስል ነገር ሲዋልል አየሁ። «ስንት ጣት ነው?» «ሦስት።» አለቀ። ይህች ደቂቃ በጊዜዋ ስላልተደረገች ነው አንድ ዓይን የጠፋው።

በመመለሻው ጎብዬ ላይ ሾፌሩ ጎማ ሊቀይር ቆመ። አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀመጥን። ይማም ሻይ አዘዘ፤ እኔ አልጠጣሁም።

«ለምን?» አልሁት።

«ሙሄ፣ ዛሬ ደክሞሃል። ነገ…»

«ነገማ አራት ወር አልፎታል። ለምን?»

ብርጭቆውን አሽከረከረ። «ሠርጉ ደርሶ ነበር። ሠርጉ ሲያልፍ እነግረዋለሁ አልኩ፤ ጾም ገባ። ጾሙ ሲፈታ አልኩ፤ ዒድ መጣ። ከዚያ ጊዜው አለፈና… አሁን ብነግረው የምነግረው ስለ ዓይኑ ሳይሆን ስለ ራሴ ነው ብዬ ፈራሁ።»

«አርባ ዓመት ሰው ያከምህ አንተ ነህ። ሁለት ሳምንት ማለት ሁለት ሳምንት መሆኑን አንተ አታውቅም?»

ቀና አለ። ቀጥሎ ያለውን መቼም አልረሳውም፤ ይህን አንዱን በእርግጠኝነት እጽፈዋለሁ።

«አንተ ራስህ ነህ አትንገረኝ ያልኸኝ።»

«እኔ?»

«የሐኪሟ በር ላይ። ልገባ ስል ክንዴን ይዘህ፣ ‹ክፉ ከሆነ ከሐያት ሠርግ በፊት እንዳትነግረኝ› አልኸኝ።»

«አላልኩም።»

«ብለሃል፣ ሙሄ። አንተ ዘንድሮ ምን ታስታውሳለህ?»

አንባቢ ሆይ፣ የመርሳት ነገር እንደጀመረኝ፣ በዚህም እንደምፈራ፣ በዓለም ላይ የነገርሁት ሰው አንድ ነው። ለዘሀራ እንኳ አልነገርሁም። ይማም ያውቃል። የመስጊዱን መንገድ ስቼ ቆሜ ባገኘኝ ቀን ነግሬው ተላቅሰናል።

ከጎብዬ እስከ ቆቦ መንገዱ ረዥም አይደለም። እኔ ግን ያን ያህል የረዘመ ችሎት ላይ ተሰይሜ አላውቅም። ራሴን መረመርሁ። የኮሪደሩን አግዳሚ ወንበር አስታወስሁ፤ የመድኃኒቱን ሽታ አስታወስሁ፤ የይማምን ክንድ መያዜንም አስታወስሁ። ዓይኔ ተጋርዶ ስለነበር እርሱን ይዤ ነበር የምሄደው። ክንዱን ይዤ ምን አልሁ? እንዲህ ያለ ቃል ከእኔ አይወጣም ልል አልችልም፤ ሰው ነኝ፣ ልጄንም እወዳለሁ። ባሰብሁት ቁጥር ቃሉ ይበልጥ በገዛ ድምፄ ይሰማኝ ጀመር። ምስክር ደጋግሞ ሲጠየቅ ያላየውን ማየት እንደሚጀምር አውቃለሁ። ራስን በራስ ሲጠይቁ ግን ማን ይቃወማል? ቆቦ ስገባ ጥፋተኛው እኔ ነኝ ወደ ማለት ተቃርቤ ነበር። ከይማም ጋር ተሰነባበትን፤ እንዲያውም «አንተም ደክመሃል» ያልሁት ይመስለኛል።

ዘሀራ የምሽቱን የመግሪብ ሶላቷን ጨርሳ ሰጋጃዋ ላይ እንደተቀመጠች ነበር።

«ዘሀራ፣ ያኔ ደሴ በሄድን ቀን ይማም ደውሎልሽ ነበር?»

«ደውሎልኛል» አለች፤ አላመነታችም። መርፌው ያቀላውን ዓይኔን ታያለች።

«ምን አለሽ?»

«እያለቀሰ ነበር። ‹ዓይኑ አደጋ ላይ ነው፤ አሁኑኑ ልነግረው ነው› አለኝ። በአላህ ይዤሃለሁ ያልኩት እኔ ነኝ። ኒካሑ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ከሰማ ሠርጉን ያፈርሰዋል፣ ባያፈርሰውም በልጁ ቀን እንደ ሐዘንተኛ ይቀመጣል አልኩት። ሐኪም መቼም ያስቸኩላል ብዬ… እኔ ምን አውቄ፣ ሙሄ?»

«‹ከሠርጉ በፊት አትንገረኝ› ብዬው እንደነበርስ ነግሮሻል?»

«አንተ? ይህን አልሰማሁም። ብለኸው ቢሆንማ እኔን ምን አስለመነኝ?»

ይህች በሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያላለፈች ሴት በአንድ ጥያቄ የኔን የሙሉ መንገድ ክርክር አፈረሰችው። ከዚያ አለቀሰች። ግራው መጥፋቱን ስነግራት «ቀኙስ?» አለችኝ። «ገና አይታወቅም» አልኋት። ተቆጥቻት ነበር፤ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልበረደልኝም። ነገር ግን ዓይኔን ያሳጣኝ ምክር የእርሷ ቢሆንም፣ ስጠይቃት አልዋሸችኝም።

በማግስቱ ረፋድ ይማም ካርዶቼን በሙሉ በላስቲክ ጠቅልሎ ይዞ መጣ። ዘሀራ ደውላለት ይሆናል። አልተቀመጠም።

«አንድ ጥያቄ ነው የምጠይቅህ» አልሁት። «በሐኪሟ በር ላይ አልኸኝ ያልኸውን ብያለሁ ወይስ አላልኩም?»

«ዘሀራን እንዳትቀየማት ብዬ ነው።»

«የጠየቅሁህን መልስ።»

«ትዳራችሁ…»

«ይማም!»

ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «አላልክም» አለ።

እፎይ ማለት ነበረብኝ። አላልሁም። አንዴ ለዘሀራ ብሎ «ብለሃል» ያለ ሰው፣ አሁን ለእኔ ብሎ «አላልክም» እንዳላለ በምን አውቃለሁ? ዘሀራ ያለችው ሚዛን ይደፋል፤ ግን እርሷ በሩ ላይ አልነበረችም። በዚያ በር ላይ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ዋሽቷል፣ ሌላው ይረሳል። ነገሩ እስከ ዕለተ ሞቴ በዚህ ይቀራል።

አንባቢዎቼ፣ ዓይኔን ስላሳጣኝ ዝምታ ብትጠይቁኝ እንዲህ እላለሁ፤ የአገር ልማድ ነው፣ እኔም በአባቴ ላይ ፈጽሜዋለሁ፤ ፍርዱን ለአላህ ትቻለሁ። የከበደኝ የጎብዬው በረንዳ ነው። በምስጢር የሰጠሁትን ድክመቴን አንሥቶ በራሴ ላይ ምስክር አድርጎ አቆመው፤ ያውም ለደግ ነገር ብሎ። የታመመ ሰው ቤታችሁ ካለ፣ በሽታው የእርሱ ነውና ወረቀቱን ለእርሱ አንብቡለት። ዓይኑ ሲሸፈን ቀኑን የሚቆጥረው እርሱ እንጂ እናንተ አይደላችሁም። የስኳር ሕመም ያለባችሁም ሳይጋረድባችሁ ዓይናችሁን አስመርምሩ፤ ክፉዎቹ ሥሮች ሲበቅሉ አያሙም፣ ድምፅም የላቸውም።

ቀኝ ዓይኔ እስካሁን አለ። በየጊዜው መርፌውን እወስዳለሁ፤ ጨረሩም ተደርጎልኛል። ይህን የጻፍሁት በእርሱ ነው፤ በትልልቅ ፊደል፣ ቀስ እያልሁ። ደሴ የምሄደው ከሐያት ባል ጋር ነው፤ ሐኪሟም የምትነግረውን ለእኔ ትነግራለች። ይማም መምጣቱን አልተወም። ከጁምዓ በኋላ ጣቴን ወግቶ ስኳሬን ይለካና ቁጥሩን ያነብልኛል። እስኪወጣ እጠብቃለሁ፤ መለኪያውን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ ራሴ አነበዋለሁ። እስካሁን አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። እኔም ማንበቤን አልተውሁም።